ውኃ ውስጥ ያለ መሬት ለሽያጭ፦ የሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ከመደፈን የተረፈበት ታሪክ

(ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1959 መገባደጃ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የመሐንዲሶች ክፍል የሠራው አንድ ጥናት ወጣ። የሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ እስከ 2020 ድረስ ምን ያህል ሕዝብ እንደሚኖረው፣ ምን ያህል መሬትም እንደሚያስፈልገው የሚተነብይ ጥናት ነው። በውስጡ የነበረውን ካርታ የኦክላንዱ ትሪቢዩን ጋዜጣ አተመው። በካርታው ላይ ጥልቀት የሌለው የባሕሩ ክፍል በአፈር ተደፍኖ መሬት ሊሆን የሚችል ተብሎ ተለይቷል። ላየው ሰው የሚቀረው ውኃ ከወንዝ ብዙም አይሰፋም።

መሐንዲሶቹ ይህን የሳሉት ሰው ለማስደንገጥ አልነበረም። በዘመኑ ቋንቋ መልካም ዜና ነበር። ቤት ያስፈልጋል፣ የአውሮፕላን ማረፊያ ያስፈልጋል፣ አውራ ጎዳና ያስፈልጋል፤ ከከተማው ጫፍ ደግሞ በአፈርና በቆሻሻ ሊሞላ የሚችል ሰፊ ጥልቀት የሌለው ውኃ ተኝቷል። እስከዚያን ጊዜ ድረስ የባሕረ ሰላጤው አንድ ሦስተኛ ያህል ተደፍኗል ወይም በአፈር ክትር ታጥሮ ከባሕሩ ተለይቷል። ካርታው የተጀመረውን ነገር እስከ መጨረሻው ቢወስዱት ምን እንደሚመስል ነበር ያሳየው።

ዛሬ በኦክላንድና በሳን ሆዜ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በየዕለቱ በድልድይ የሚሻገሩት ውኃ ይኸው ነው። ውኃው እዚያ መገኘቱ ግን የተፈጥሮ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሕግ ነው ያቆየው። የሚገርመው፣ ለመጥፋት ያደረሰውም ሕግ ነበር።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው። የሳክራሜንቶና የሳን ዋኪን ወንዞች የካሊፎርኒያን 40 ከመቶ ያህል መሬት ውኃ ሰብስበው ወደ ምዕራብ ይወርዳሉ። ከሰላማዊ ውቅያኖስ ጋር ከመገናኘታቸው በፊት በዚህ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ያልፋሉ። የወንዙ ውኃ ከባሕሩ ጨው ጋር የሚቀላቀልበት እንዲህ ያለ ቦታ ኢስቹዋሪ ይባላል። እኛ አገር ትልቁ የአዋሽ ወንዝ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ስለሚያልቅ፣ ዓባይም የሚገናኘው ባሕር ሩቅ ስለሆነ፣ ነገሩ ለዓይናችን እንግዳ ነው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። በዚያ መካከል ያለው ጭቃና ረግረግ አንዴ ውኃ፣ አንዴ የብስ ነው። የሳልመን ዓሣ ጫጩት ወደ ውቅያኖስ ከመውጣቱ በፊት የሚጠነክረው፣ ከአላስካ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚበር ወፍ የሚያርፈው፣ የወንዝ ደለል የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ከባሕረ ሰላጤው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ጥልቀቱ 5 ሜትር ተኩል አይሞላም። ሕይወት የሞላበት ክፍል እሱ ነው፤ ለመድፈን በጣም ቀላሉም እሱ ነው።

ጥፋቱን ወደ ጀመረው ሕግ እንመለስ። በ1850 የአሜሪካ ምክር ቤት አንድ አዋጅ አወጣ፤ የፌዴራል መንግሥቱ ረግረጋማ መሬቶችን ለየግዛቶቹ ይሰጣል፣ ግዛቶቹም ሸጠው በገንዘቡ ያጠነፍፏቸዋል። ካሊፎርኒያ በዚያው ዓመት ነበር ግዛት የሆነችው። ረግረጉ በኤከር 1 ዶላር ተሸጠ። በ1870ዎቹ ደግሞ አንድ የመንግሥት ቦርድ ከዚያ አልፎ ባሕሩ የሚሸፍነውን መሬት ጭምር በቁራጭ በቁራጭ ለግል ሸጠ። መሬት አይሸጥም አይለወጥም በሚባልበት አገር ላደገ አንባቢ ይህ ግራ ያጋባል፤ በካርታ ላይ መንገድ ተሰምሮለት፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ የባለቤትነት ወረቀት ያለው፣ ግን ዓሣ የሚዋኝበት "መሬት"። ገዢው ውኃውን አልነበረም የገዛው። ውኃውን የማጥፋት ተስፋን ነበር።

ሳን ፍራንሲስኮ ራሷ በዚህ መንገድ ነው ያደገችው። በ1849 የወርቅ ፍለጋው ሲፈነዳ ካፒቴኑም መርከበኛውም መርከቡን ጥሎ ወደ ተራራ ሮጠ። በወደቡ ላይ የተተዉት መርከቦች መጋዘንና ሆቴል ሆኑ፤ ዙሪያቸው በአሸዋና በቆሻሻ ተሞላ፤ ዛሬ የከተማዋ የገንዘብ ተቋማት የቆሙት በእነዚያ መርከቦች ቅሪት ላይ ነው።

ወርቁ ከወደብ ይልቅ ተራራ ላይ ያደረገው የባሰ ነበር። ከ1850ዎቹ ጀምሮ ማዕድን አውጪዎች ኃይለኛ የውኃ ግፊት በትልቅ ቱቦ እየለቀቁ የሴራ ኔቫዳን ኮረብታ ማፍረስ ጀመሩ። ወርቁን ለቅመው ጠጠሩንና ጭቃውን ወንዝ ውስጥ ይለቁታል። የዩባ ወንዝ ወለል ከፍ አለ፣ በ1875 የሜሪስቪል ከተማ በጎርፍ ተመታች። ኤድዋርድስ ውድረፍ የተባለ በዚያ ከተማ ንብረት ያለው ሰው የማዕድን ኩባንያውን ከሰሰ። በ1884 ዳኛ ሎሬንዞ ሶየር ፍርዱን ሰጡ፦ የማዕድን ሥራው ለግዛቱ ምንም ያህል ሀብት ቢያመጣ፣ ዝቃጩን ወንዝ ውስጥ ጥሎ የታች ሰዎችን መሬት የማበላሸት መብት የለውም። በአሜሪካ ታሪክ ትልቅ ኢንዱስትሪን በአካባቢ ጉዳት ምክንያት ካስቆሙ ቀደምት ፍርዶች አንዱ ነው። ለባሕረ ሰላጤው ግን ዘግይቷል። የሥነ ምድር ተመራማሪው ግሮቭ ካርል ጊልበርት በ1917 ባሳተመው ጥናት ወደ ባሕረ ሰላጤው ወርዶ የተኛው ዝቃጭ ከ800 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ መሆኑን ገመተ። ከማዕድኑ ጋር የወረደው ሜርኩሪ ዛሬም በጭቃው ውስጥ አለ።

ከዚያ በኋላ ለ70 ዓመት ያህል ነገሩ ጸጥ ብሎ ቀጠለ። ጨው አምራቾች የደቡቡን ረግረግ በክትር ከፋፍለው የጨው ኩሬ አደረጉት። ገበሬዎች የሰሜኑን አጠነፈፉ። ከተሞች ቆሻሻቸውን ጠርዙ ላይ አራገፉ። ማንም ባሕሩን ለማጥፋት አልወሰነም፤ እያንዳንዱ የራሱን ትንሽ ቁራጭ ብቻ ነበር የወሰደው።

ካርታውን በጋዜጣ ካዩት መካከል ኬይ ከር አንዷ ነበሩ። ባለቤታቸው ክላርክ ከር የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ናቸው። ከሲልቪያ ማክላግሊንና ከኤስተር ጉሊክ ጋር ተነጋገሩ። ሦስቱም በበርክሊ ኮረብታ ላይ የሚኖሩ፣ በየመስኮታቸው ባሕሩን የሚያዩ የባለ ሥልጣንና የምሁር ሚስቶች ናቸው። የራሳቸው ከተማ በርክሊ በዚያን ጊዜ 800 ሄክታር ያህል ውኃ ደፍና ስፋቷን በእጥፍ ለማሳደግ እያቀደች ነበር።

በጃንዋሪ 1961 የአካባቢ ጥበቃ ማኅበራት መሪዎችን በጉሊክ ቤት ሰበሰቡ። የሴራ ክለቡ ዴቪድ ብራወር ነበሩ፣ ሌሎችም ነበሩ። ሴቶቹ ካርታውን አሳዩ። እንግዶቹ ጉዳዩ ከባድ መሆኑን ተስማሙ፤ ነገር ግን አንዱ በበረሃና በተራራ፣ አንዱ በዛፍ፣ አንዱ በወፍ ሥራ ተወጥሯል። አዲስ ማኅበር ያስፈልጋል አሉ፣ የአባሎቻቸውን አድራሻ ለመስጠት ቃል ገቡ፣ መልካም ዕድል ተመኝተው ሄዱ። ሴቶቹ ሥራው በእነሱ ላይ መውደቁን የተረዱት ያን ጊዜ ነው።

ማኅበሩን አቋቋሙ፤ የአባልነት መዋጮው 1 ዶላር ሆነ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ገንዘቡ ሳይሆን የሰው ቁጥር እንደሚያስፈልጋቸው ገብቷቸዋል። 1 ዶላር የከፈለ ሰው ደብዳቤ ይጽፋል፣ ስብሰባ ይመጣል። በ1963 የበርክሊ ምክር ቤት ዕቅዱን ተወው።

የሚያስቸግረው ቀጥሎ ያለው ነበር። በባሕሩ ዙሪያ 9 ካውንቲዎችና በርካታ ከተሞች አሉ። በርክሊ ብትተው የጎረቤቷ ዕቅድ አለ፤ እሷ ብትተው የቀጣይዋ። እያንዳንዷ ከተማ የግብር ገቢዋን የምትጨምረው ውኃዋን ወደ መሬት በመለወጥ ነው፤ የሌላዋን ውኃ የምትጠብቅበት ምክንያት የላትም። የዩኒቨርሲቲው ሜል ስኮት በ1963 ባቀረበው ጥናት ችግሩን በዚህ መልክ አስቀመጠው፦ ባሕሩ አንድ ነው፣ የሚያስተዳድረው ግን አንድም የለም።

ስለዚህ ሴቶቹ ወደ ግዛቱ ምክር ቤት ወደ ሳክራሜንቶ ሄዱ። ኒኮላስ ፔትሪስ የተባለ፣ ከግሪክ ስደተኞች ተወልዶ በምዕራብ ኦክላንድ ያደገ እንደራሴ ጉዳዩን ቀድሞ አንሥቶ አልተሳካለትም። ከዚያ ከር ዩጂን ማካቲርን አገኙ። ማካቲር የሳን ፍራንሲስኮ ሴናተር፣ የምግብ ቤት ባለቤት፣ በምክር ቤቱ ውስጥ ድምፅ መቁጠር የሚያውቅ ሰው ነው። የተፈጥሮ ወዳጅ ተብሎ አይታወቅም ነበር፤ ምናልባት የጠቀመውም ይኸው ነው። በ1964 አጥኚ ኮሚሽን አስቋቋመ፤ በ1965 በስሙና በፔትሪስ ስም የሚጠራውን ሕግ አቀረበ። ዶን ሸርዉድ የተባለ ታዋቂ የሬዲዮ ሰው አድማጮቹ ለተወካዮቻቸው እንዲጽፉ ቀሰቀሰ። ሕጉ አለፈ፤ ገዥው ፓት ብራውን ፈረሙበት።

ሕጉ የሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ጥበቃና ልማት ኮሚሽንን ፈጠረ። 27 አባላት አሉት፤ ከካውንቲ፣ ከከተማ፣ ከግዛቱ፣ ከፌዴራል መንግሥትና ከሕዝብ የተውጣጡ። ከእንግዲህ ማንም ሰው በባሕሩ ውስጥ አንድ አካፋ አፈር ለመጨመር የኮሚሽኑን ፈቃድ ማግኘት አለበት። ሥልጣኑ ውኃውንና ከጠርዙ ወደ የብስ 30 ሜትር ያህል የሚገባውን ቀበቶ ይሸፍናል።

የሕጉ ክብደት ያለው ግን በሌላ ቦታ ነው። ከ1965 በፊት ባሕሩ ይቅር የሚል ሰው ነበር ምክንያት የሚጠየቀው። ከ1965 በኋላ ደፋኙ ተጠያቂ ሆነ። ሥራው የግድ ውኃ ዳር መሆን ያለበት ነው ወይ? በየብስ ላይ ሌላ ቦታ የለም ወይ? የሚደፈነው የመጨረሻው ትንሹ መጠን ነው ወይ? ሕዝቡ ወደ ውኃው የሚደርስበት መንገድ ተትቷል ወይ? ወደብ ይህን ፈተና ሊያልፍ ይችላል። የመኖሪያ ሰፈርና የቆሻሻ ማራገፊያ አያልፍም። የማስረዳት ሸክሙን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ማዛወር በወረቀት ላይ ጥቂት መስመር ነው፤ በባሕሩ ላይ ግን ከማንኛውም ግድግዳ የበለጠ ሠርቷል።

ኮሚሽኑ ግን ጊዜያዊ ነበር፤ እስከ 1969 ዕቅድ አዘጋጅቶ ካላስጸደቀ ይፈርሳል። በሊቀ መንበሩ ሜል ሌንና በሥራ አስኪያጁ ጆሴፍ ቦዶቪትዝ መሪነት ዕቅዱ በጊዜው ደረሰ። ማካቲር ግን በ1967 ሞተ። በዚያው ሰሞን ዴቪድ ሮክፌለር ያሉበት የባለሀብቶች ቡድን የሳን ብሩኖን ተራራ አናት ቆርጦ በምዕራቡ ዳርቻ ያለውን ባሕር ለመድፈን አቅዶ ነበር። ተራራ አፍርሶ ባሕር መሙላት፤ ሁለት ጥፋት በአንድ ወጪ። በ1969 ኮሚሽኑን ቋሚ የሚያደርገው ሕግ በብዙ ትግል አለፈና ገዥው ሮናልድ ሬገን ፈረሙበት። ብራውን ዴሞክራት፣ ሬገን ሪፐብሊካን ናቸው። በዛሬው አሜሪካ እንዲህ ያለ ፊርማ ከሁለቱም ወገን ማግኘት ህልም ይመስላል።

የውኃ ውስጥ መሬት ገዢዎቹስ? ዝም አላሉም። በ1970 ፈቃድ የተከለከለ አንድ ኩባንያ "ንብረቴን ያለ ካሳ ወሰዳችሁብኝ" ብሎ ተከራክሮ በይግባኝ ፍርድ ቤት ተረታ። ትልቁ ፍርድ በ1980 መጣ፤ የበርክሊ ከተማ ተከራካሪ በነበረችበት ጉዳይ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1870ዎቹ ስለተሸጡት ቁራጮች ወሰነ። ወረቀቱ አለ፣ ሽያጩም ተፈጽሟል። ሆኖም ባሕሩ የሕዝብ አደራ ነው፤ መንግሥት አደራን ሊሸጥ አይችልም፤ ስለዚህ እስካሁን ውኃ የሚሸፍነው መሬት ገዢው በእጁ ቢይዘውም የሕዝቡ መብት በላዩ አለ። የተደፈነው ግን ተደፍኗል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ፍትሐዊ አይመስልም፤ ፈጥኖ የደፈነ ተጠቀመ፣ የዘገየ ተከለከለ። ፍርድ ቤቱ ሙሉ ሰፈሮችን ከማናጋት ይህን መርጧል። በተደፈነ መሬት ላይ መኖር ዋጋ እንዳለው ከተማዋ በ1989 አይታለች፤ የመሬት መንቀጥቀጡ የማሪና ሰፈርን ሲመታ ከሥር ያለው ሙሌት እንደ ፈሳሽ ሆኖ ሕንጻዎችን ጣለ።

ከባሕረ ሰላጤው የተነሣው ሐሳብ ተስፋፋ። በ1972 የካሊፎርኒያ ሕዝብ ለመላው የውቅያኖስ ዳርቻ ተመሳሳይ ኮሚሽን በድምፁ አቋቋመ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት የንጹሕ ውኃ ሕግንና የባሕር ዳርቻ አስተዳደር ሕግን አወጣ። በ1987 ለወንዝና ባሕር መገናኛዎች ብሔራዊ ፕሮግራም ተፈጠረ። በ2000 ደግሞ እስከ 2010 ድረስ 1 ሚሊዮን ኤከር እንዲያገግም ግብ ያስቀመጠ አዋጅ ወጣ። ቃሉ ተለውጧል ማለት ነው፤ ከ"ጠብቅ" ወደ "መልስ"።

መመለስ ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል። በ2003 ግዛቱና የፌዴራል መንግሥቱ ከግል ፋውንዴሽኖች ጋር ሆነው ከካርጊል ኩባንያ ወደ 6,700 ሄክታር የጨው ኩሬ በ100 ሚሊዮን ዶላር ገዙ። አንድ ጊዜ በኤከር በ1 ዶላር ሂሳብ የተሸጠ ረግረግ ነው። በ2006 የመጀመሪያዎቹ ክትሮች ተቆረጡ፤ ባሕሩ ገባ፣ ደለል አመጣ፣ ሣር በቀለ። በ2016 የዘጠኙ ካውንቲዎች ነዋሪዎች በእያንዳንዱ የመሬት ይዞታ ላይ በዓመት 12 ዶላር ለ20 ዓመት ለመክፈል በራሳቸው ላይ ድምፅ ሰጡ፤ ሁለት ሦስተኛ ያስፈልግ ነበር፣ 70 ከመቶ ገደማ አገኘ። በ1965 ለሕዝብ ክፍት የነበረው ዳርቻ 6 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነበር። ዛሬ በዙሪያው የተዘረጋው የእግር መንገድ ከ560 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። የበርክሊ ቆሻሻ መጣያ የነበረው ኮረብታ አሁን ልጆች ካይት የሚያበሩበት መናፈሻ ነው። ባሕሩም ከ1965 ይልቅ ሰፍቷል።

ታሪኩ እዚህ ቢቆም ጥሩ ነበር። ነገር ግን ሕጉ የጠርዙ ሕግ ነው፤ ከላይ የሚመጣውን ወንዝ አይነካም። ወደ ባሕረ ሰላጤው ሊደርስ የሚገባው የወንዝ ውኃ ግማሽ ያህሉ በመንገድ ላይ ለእርሻና ለከተማ ይጠለፋል። የውኃው ስፋት ተጠበቀ፤ የውኃው ዓይነት ግን እየተለወጠ ነው። በመግቢያው ደልታ ብቻ የሚኖር ስሜልት የሚባል ትንሽ ዓሣ በተፈጥሮ ቦታው ሊታይ እስከማይችል ድረስ ተመናምኗል። በ1982 ውኃውን በደልታው ዙሪያ ወደ ደቡብ የሚወስድ ቦይ በሕዝበ ውሳኔ ተሻረ። በ2018 የግዛቱ የውኃ ቦርድ ከሳን ዋኪን ገባር ወንዞች 40 ከመቶ ያህል ፍሰት ለዓሣው እንዲተው ደንብ አወጣ፤ ከተቃዋሚዎቹ መካከል ውኃዋን ከቱዎለሚ ወንዝ የምታገኘው ሳን ፍራንሲስኮ ራሷ ነበረች። በ2025ም ከተማዋ ከፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ጋር ወደ ውቅያኖስ ስለምትለቀው ፍሳሽ ተከራክራ በአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 4 ረታች፤ መሥሪያ ቤቱ የፍሳሹን ምንጭ እንጂ የተቀባዩን ውኃ የመጨረሻ ጥራት በፈቃድ ላይ ግዴታ ማድረግ እንዳይችል ተወሰነ። ባሕሩ የሚሸጥበት ዘመን ቢያልፍም ስለ ወጪው የሚደረገው ጭቅጭቅ አላለፈም።

ሌላው ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ነው። ባሕሩ ከፍ እያለ ነው። ረግረጉ እንዳይሰጥም ደለል ያስፈልገዋል፤ ወንዞቹ በግድብ ስለተያዙ እንደ ድሮው ደለል አያወርዱም። መፍትሔው ከመርከብ መንገድ የሚወጣውን ጭቃ ወስዶ ረግረጉ ላይ መጨመር ነው። ባሕር ውስጥ አፈር መጨመር ማለት ነው። ያን የሚከለክለው ሕግ አለ፤ ሦስት ሴቶች በ1 ዶላር መዋጮ ያመጡት። ኮሚሽኑ በ2019 ዕቅዱን አሻሽሎ ለመኖሪያነት ለእንስሳቱና ለዕፅዋቱ ሲባል የበለጠ ሙሌት እንዲፈቀድ አደረገ። በሳን ሆዜ ሰሜን ጫፍ ያለው የአልቪሶ ሰፈር፣ የከርሰ ምድር ውኃ ሲቀዳ ኖሮ 4 ሜትር ያህል የሰመጠ፣ ከጀርባው የጨው ኩሬ፣ ከኩሬው ጀርባ ባሕሩ አለ። በ2023 የወጣው የካሊፎርኒያ ሕግ በባሕሩ ዙሪያ ያሉ ከተሞችና ካውንቲዎች ሁሉ ከፍ ለሚለው ውኃ ዕቅዳቸውን አዘጋጅተው ለኮሚሽኑ እንዲያቀርቡ ያዛል። ቀነ ገደቡ ጃንዋሪ 1 ቀን 2034 ነው።